እንጆሪ ለቃሚው ደብተሩን አሳየኝ፤ ወዴት ልላከው?

መንገደኛው ጻፈ፦

ሰላም ለቤቱ። እኔ ሪፈር፣ ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ከሳሊናስ፣ ካሊፎርኒያ ሰላጣና እንጆሪ እየጫንኩ ወደ ዳላስና አትላንታ እመላለሳለሁ። እዚህ መድረክ ላይ ሹፌር ስለሚበዛ የሳሊናስን ወረፋ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ጭነቱ ገና ነው ተብዬ ግማሽ ቀን ቆምኩ። ሲርበኝ ከማቀዝቀዣው መጋዘን ማዶ ወደምትቆመው፣ ታኮ የሚባለውን የሜክሲኮ ምግብ ወደምትሸጠው መኪና ሄድኩ። አጠገቤ አርባ ዓመት የሚሆነው አጠር ያለ ሰው ተቀምጦ ይበላል። ጣቶቹ በሙሉ ቀልተዋል። ደም መስሎኝ ደነገጥኩ። የእንጆሪ ጭማቂ ነው። ጥፍሮቹ ሥር ደግሞ ጥቁር አፈር ገብቷል።

እኔ የመንገድ ስፓኒሽ አለኝ። የት ነው፣ ስንት ነው፣ አመሰግናለሁ፣ ከዚያ አያልፍም። የሚገርመው የእሱም ስፓኒሽ ከእኔ ብዙም አይሻልም። ሜክሲኳዊ አይደለህም እንዴ ስለው ከዋሃካ ግዛት እንደመጣ፣ ቋንቋው ትሪኪ የሚባል እንደሆነ ነገረኝ። ስፓኒሽን የለመደው ሥራ ላይ ነው።

ትንሽ ስንቀራረብ ከኪሱ ሁለት ነገር አወጣ። አንዱ የደመወዙ ወረቀት ነው። ሌላው በላብ የረጠበ ትንሽ ደብተር። ደብተሩ ውስጥ ጽሑፍ የለም። አራት ቋሚ መስመር፣ አንድ የሚያቋርጥ። አራት ቋሚ፣ አንድ የሚያቋርጥ። እያንዳንዷ ጭረት አንድ ሳጥን እንጆሪ ናት። አብረን ቆጠርን። የሳምንቱ 412 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ግን 371 ነው የተከፈለው። በዚያ ላይ ለመጓጓዣ ተብሎ 50 ዶላር ተቆርጧል። የሚያሠራው ደላላው ነው፤ እርሻው የሌላ ሰው ነው።

"ለማን ልንገር?" አለኝ። እኔን፣ መንገደኛውን የጠየቀኝ ሌላ የሚጠይቀው ሰው ቢያጣ ነው። ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ ደወለና ሄድኩ። የሰውየውን ስልክ ቁጥር ግን ይዣለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 41ዱ ሳጥን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ፣ ወዴት ልላከው?

---

ሰናይት ጻፈች፦

ወንድሜ፣ ቆም ብለህ ስላዳመጥከው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሕግ ድጋፍ መሥሪያ ቤት ፓራሊጋል፣ የጠበቃ ረዳት ማለት ነው፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያየሁት እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው።

ከሁሉ በፊት ደብተሩን እንዳይጥል ንገረው። አንድም ገጽ። ብዙ ሰው የራሱ ጭረት ዋጋ የሌለው ይመስለዋል። ግን የሥራውን መዝገብ በትክክል መያዝ የአሠሪው ግዴታ ነው። አሠሪው ካልያዘ ወይም አሳስቶ ከያዘ፣ ሠራተኛው ራሱ የመዘገበው ማስረጃ ይሆናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መንገድ የከፈተው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 ነው። እኔ በካርቶን ክዳን ላይ በእርሳስ የተጻፈ መዝገብ ይዞ መጥቶ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ ስለ ዕረፍት የተጻፈ ነገር አለ? በካሊፎርኒያ ከ2016 ጀምሮ በቁጥር የሚከፈለው ሰው፣ የዕረፍት ደቂቃዎቹ ለብቻቸው ተሰልተው ሊከፈሉት፣ ወረቀቱም ላይ ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል። ሳጥን ብቻ ተቆጥሮ ዕረፍቱ ከተዘለለ ሌላ ያልተከፈለ ሒሳብ አለ ማለት ነው። የ50 ዶላሯም ነገር ጥያቄ ታስነሳለች። ሰውየው በጽሑፍ ተስማምቶባታል ወይ?

ደላላውን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ የእርሻ ሠራተኛ አቅራቢ ከካሊፎርኒያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በፌዴራልም በ1983 የወጣው የተዘዋዋሪና የወቅት እርሻ ሠራተኞች ሕግ መመዝገብ አለበት ይላል። ደላላው ጠፋ ወይም ገንዘብ የለኝም ቢል እንኳ፣ በካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ ሠራተኛ በደላላ የሚያስመጣው ድርጅት ለደመወዙ አብሮ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ብዙ ሠራተኛ አያውቅም። ደላላው ሲሰወር ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

የት ይሂድ ላልከው፣ የሳሊናስ አካባቢ ከሆነ ካሊፎርኒያ ሩራል ሊጋል አሲስታንስ የሚባለው ድርጅት እዚያው ቢሮ አለው። ከ1966 ጀምሮ ለገጠር ድሃ በነፃ የሚቆም ነው። የደመወዝ አቤቱታ የሚሰማው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ሌበር ኮሚሽነርም ሳሊናስ ውስጥ ቢሮ አለው፤ ጠበቃ ሳይኖረው ራሱ ሄዶ ማመልከት ይችላል፣ ክፍያ የለውም።

አደራ፣ አንተ ግን ስለ ሕጉ ምክር እንዳትሰጠው። አድራሻውን ስጠው፣ ከተቻለ አብረኸው ደውል። ሥራህ ድልድይ መሆን ብቻ ነው።

---

የቦሌ ልጅ ጻፈ፦

አትቆጡኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። ሰውየው የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረውስ? ክስ ሲመሠርት ራሱን አጋልጦ ቢባረር ተጠያቂው ማን ነው? ለ41 ሳጥን ብሎ ቤተሰቡን ቢበትንስ? ደግሞም የራሳችን ሰው ስንት ችግር አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ደመወዙን የተቀማ አበሻ አጥተን ነው?

---

ሰናይት ጻፈች፦

የቦሌ ልጅ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ሠራተኞቹም ራሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ለሠሩት ሥራ ደመወዝ የማግኘት መብት ወረቀት ያለውንም የሌለውንም ይመለከታል። የካሊፎርኒያ ሌበር ኮሚሽነር አመልካቹን ስለ ወረቀቱ አይጠይቅም። አሠሪ "ኢሚግሬሽን እጠራብሃለሁ" ብሎ ማስፈራራቱ ራሱ በካሊፎርኒያ ሕግ የሚያስቀጣ ነው። ይህ ማለት ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ በተለይ በዚህ ጊዜ። ለዚህ ነው ውሳኔው የሰውየው ብቻ መሆን ያለበት። እኛ የምናደርገው አውቆ እንዲወስን መርዳት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በ1996 ኮንግረስ ባወጣው ገደብ መሠረት ከፌዴራሉ የሕግ አገልግሎት ኮርፖሬሽን ገንዘብ የሚያገኝ የሕግ ድጋፍ ቢሮ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ወረቀት ለሌለው ሰው ጥብቅና መቆም አይችልም። የድብደባና የሰው ንግድ ተጎጂዎች ከጥቂቶቹ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ቢሮ "አልችልም" ሲለው፣ መብት የለህም ማለቱ አይደለም። ሌላ በር አለ ማለት ነው። ከዚያ ገንዘብ ውጪ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ካሊፎርኒያ ሩራል ሊጋል አሲስታንስ ፋውንዴሽን አንዱ ነው፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ድርጅቱ ሌላ ነው። የእኔ ሥራ ግማሹ ይህ ነበር፤ ከአንዱ በር የተመለሰውን ሰው ሳይጠፋ ወደ ሌላው በር ማድረስ። ብዙ ሰው የሚጠፋው በሁለቱ በሮች መካከል ነው።

እባካችሁ ደግሞ እዚህ ክር ላይ ስለ ሰውየው ወረቀት ማንም አይጠይቅ፣ ማንም አይገምት።

---

ሲስተር ትዕግሥት ጻፈች፦

እኔ ፍሬዝኖ አካባቢ ነርስ ነኝ። የምሠራበት ክሊኒክ ለእርሻ ሠራተኞች የቆመ ነው። እንዲህ ያሉት ክሊኒኮች የተጀመሩት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 በፈረሙት የተዘዋዋሪ ሠራተኞች ጤና ሕግ ነው። ክፍያው እንደ ገቢው ነው። ወረቀት አንጠይቅም።

መንገደኛው ያነሳኸው የቋንቋ ጉዳይ ልቤን ነካኝ። ሁሉም ሰው ሜክሲኮ ሲባል ስፓኒሽ ይመስለዋል። ትሪኪ፣ ሚስቴኮ፣ ሳፖቴኮ የስፓኒሽ ዘዬዎች አይደሉም። ስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩ፣ ራሳቸውን የቻሉ ቋንቋዎች ናቸው። ከጓቲማላ ደግሞ ማም እና ኪቼ ተናጋሪዎች ይመጣሉ። ስፓኒሽ የሚችል አስተርጓሚ ሲቀርብላቸው ሰዎቹ በትህትና "ሲ፣ ሲ" ይላሉ። ሐኪሙ የገባቸው ይመስለዋል።

ይህን እኛ እናውቀዋለን። ከዓመታት በፊት አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንድ የባሌ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። "ኢትዮጵያዊ ነው" ተብሎ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ተሰጣቸው። እሳቸው አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው የሚችሉት። ለሁሉም "እሺ፣ እሺ" አሉ። ጠዋት ብቻ የሚወሰደውን የስኳር መድኃኒት ጠዋትና ማታ ወስደው ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ተመለሱ። የጠፋው አንድ የስልክ ጥሪ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ "ከየት አገር ነህ" ብዬ አልጠይቅም፤ "እናትህ በምን ቋንቋ ታናግርህ ነበር" እላለሁ።

ስለዚህ ለአንተ ሰውዬ የስፓኒሽ ቢሮ ብቻ አይበቃውም። ሴንትሮ ቢናሲዮናል የሚባል የዋሃካ ነባር ሕዝቦች ድርጅት አለ። ከ1993 ጀምሮ ፍሬዝኖን መነሻ አድርጎ ይሠራል፤ በሞንቴሬ ካውንቲም ግሪንፊልድ ላይ ሰዎች አሉት። ግሪንፊልድ ደግሞ የትሪኪዎች መንደር ማለት ይቻላል። ወደ ደቡብ ኦክስናርድ ላይ ደግሞ ለሚስቴኮዎች የቆመ ሚኮፕ የሚባል አለ። የራሱ ሬዲዮ ጣቢያ ሳይቀር አለው፤ ሰዎቹ እየለቀሙ በቋንቋቸው ይሰማሉ። ስለ ሙቀትና ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ምክር የሚደርሳቸው በዚያ ነው።

የትርጉም ነገር ከባድ ወቅት ላይ ነው ያለው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በቋንቋ እንዲያገለግሉ የሚያዘው የ2000 ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሽሯል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን አለ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አሁንም በእሱ ይጠየቃል። ስለዚህ "አስተርጓሚ ስጡኝ" ማለትን አናቁም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለዚህ ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ሙቀቱ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ሐምሌ 105 ፋራናይት ይገባል። በ2008 በእኛው ካሊፎርኒያ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ወይን ቦታ ላይ በሙቀት ወድቃ ሞተች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ሕጉ በዚያን ጊዜ ነበረ! ካሊፎርኒያ የውጭ ሠራተኞችን የሙቀት ደንብ በ2005 አውጥታለች። አሁን 80 ፋራናይት ሲደርስ ጥላ መዘጋጀት አለበት። ለአንድ ሰው በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ውሃ። ግን ውሃው ከረድፉ ጫፍ ርቆ ከቆመ፣ በሳጥን የሚከፈለው ሰው አይሄድም። ሄዶ መምጣቱ ሁለት ሳጥን ያስቀረዋል። የጠጣ ያጣል፤ ያልጠጣ ኩላሊቱን ይጎዳል።

እኛ ማታ ማታ በቫን ወደ ሰፈራቸው እንሄዳለን። ቀን ክሊኒክ ና ብትለው የቀን ደመወዙን ያጣል። አብረውን ፕሮሞቶራ የሚባሉ ሴቶች አሉ። ራሳቸው ለቃሚ የነበሩ ናቸው። በሩን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። እኔ በነጭ ጋውን ባንኳኳ ማንም አይከፍትም። እነሱ ሲያንኳኩ ቡና ይፈላል።

---

ጋሽ ወርቁ ጻፈ፦

ልጆቼ፣ ክሩን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

እኔ ለትምህርት ወደ ካሊፎርኒያ የመጣሁት በ1973 ነው። የካፍቴሪያው በር ላይ ተማሪዎች ቆመው "ወይን አትብሉ፣ ሰላጣ አትብሉ" ይላሉ። እኔ ከጎጃም የመጣሁ ልጅ ነኝ፣ ሰላጣን ምን አደረገ ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት ልጅ ቁጭ አድርጋ ሁለት ሰዓት አስረዳችኝ።

መንገደኛው የቆምክባት ሳሊናስ ተራ ከተማ አይደለችም። በ1970 በጋ ሺዎች ሰላጣ ለቃሚዎች ሥራ ያቆሙባት ናት። የእርሻ ሠራተኞቹ ማኅበር መሪ ሴሳር ቻቬዝ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሰላጣውን ማዕቀብ አላቆምም ብሎ እዚያው ታስሯል።

ሰው ሁሉ ቻቬዝን ያውቃል። አብራው የመራችውን ዶሎሬስ ዌርታንም የሚያውቅ አለ። ነገር ግን የዴላኖን የወይን አድማ መስከረም 8 ቀን 1965 የጀመሩት ፊሊፒኖዎች ናቸው። መሪያቸው ላሪ ኢትሊኦንግ ይባላል። ባለ እርሻዎቹ የለመዱት ፊሊፒኖ ሲያምፅ ሜክሲኳዊ ማስገባት፣ ሜክሲኳዊ ሲያምፅ ፊሊፒኖ ማስገባት ነበር። ኢትሊኦንግ ይህን ስለሚያውቅ ወደ ቻቬዝና ዌርታ ሄደ። በስምንተኛው ቀን የእነሱም ማኅበር ተሰብስቦ አድማውን ተቀላቀለ። ለአምስት ዓመት አብረው ቆሙ። ለዚህ ነው በ1970 ያሸነፉት። የቦሌ ልጅ፣ የእኛ ሰው፣ የእነሱ ሰው ያልከው ነገር ለእነሱም ተነግሯቸው ነበር።

ሌላው፣ አጭሯ ዶማ። በስፓኒሽ ኤል ኮርቲቶ ይሏታል። እጀታዋ ክንድ አይሞላም። ሰላጣና ስኳር የሚወጣበትን ቀይ ሥር (ሹገር ቢት) ሲያሳሱ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ነው። አገራችን ያረስን ሰዎች ወገብ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ገበሬ ግን ድካሙ ሲጠናበት ቀና ብሎ ላቡን ይጠርጋል። እነዚህ ቀና ሲሉ ይታይባቸዋል። ማዮርዶሞው፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ ከሩቅ ሆኖ ማን ጀርባውን እንዳቀና በአንድ እይታ ይለያል። ረጅም ዶማ ዋጋው ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው። ሰናይት ያልሻቸው የገጠር ጠበቆች ሐኪም እያስመሰከሩ ዓመታት ተከራክረው በ1975 ካሊፎርኒያ ዶማዋን ከለከለች። በዚያው ዓመት የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት በካሊፎርኒያ ሕግ ሆነ።

በፌዴራል ግን እስከ ዛሬ የለም። የ1935ቱ የማኅበራት ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ሆን ብሎ አውጥቷቸዋል። በ1938ቱ የደመወዝ ሕግም ተዘለሉ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እነዚህን ሥራዎች የሚሠሩት በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ እርሻ የገባው በ1966 ነው፣ ለዚያውም በከፊል። የእርሻ ሠራተኞች በፌዴራል ሕግ ኦቨርታይም ዛሬም የላቸውም። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን የመሳሰሉት ግዛቶች በራሳቸው ሰጥተዋል። እንጆሪ በገዛን ቁጥር ይህን የምናስብ ስንቶቻችን ነን?

---

ሐረግ ከታምፓ ጻፈች፦

ጋሽ ወርቁ ዕድሜ ይስጥልን።

የፍሎሪዳውን ልጨምር። ከእኛ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዳ ኢሞካሊ የምትባል የቲማቲም ከተማ አለች። የመንገደኛውን 41 ሳጥን ሳነብ ያስታወሰኝ የኢሞካሊን ባልዲ ነው። ሙሉ ባልዲ ቲማቲም 32 ፓውንድ ይመዝናል። በትከሻ ተሸክመው እየሮጡ ነው የሚያደርሱት። ድሮ ማዮርዶሞው ባልዲው እስኪቆለል ካልሞላ አይቆጥርም ነበር። ገበያ ላይ ቁና ቆልሎ አስለክቶ የሞላ ብቻ እንደሚከፍል ነጋዴ ማለት ነው። ያች ቁልል ከእያንዳንዱ ባልዲ በነፃ ትሄዳለች።

የኢሞካሊ ሠራተኞች ኅብረት በ1993 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተበደሩት ክፍል መሰብሰብ ጀመረ። ብልሃታቸው ደላላውን ብቻ መክሰስ አልነበረም። ቲማቲሙን መጨረሻ ላይ ማን ይገዛዋል ብለው ጠየቁ። በ2001 ታኮ ቤል ከሚባለው የፈጣን ምግብ ድርጅት ሰው እንዳይገዛ ማዕቀብ ጠሩበት። አራት ዓመት ፈጀ። በ2005 በአንድ ፓውንድ አንድ ሳንቲም ለመጨመር ተስማማ። ማክዶናልድስ በ2007፣ ዋልማርት በ2014 ገቡ። አንድ ሳንቲም ብቻ! ግን ከሳንቲሟ ጋር ደንብ መጣ። ቁልሉ ተከለከለ። ጥላ ገባ። ትምህርቱን የሚሰጡት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው፣ በሥራ ሰዓት፣ እየተከፈላቸው። አቤቱታ የሚቀበል ስልክ ሌሊትም ያነሳል። እርሻው ደንቡን ከጣሰ ገዢዎቹ መግዛት ያቆማሉ።

ከእርዳታ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። አገልግሎት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጠበቃው ሲሄድ በደሉ ይመለሳል። እዚያ ግን ጠባቂው ራሱ ሠራተኛው ነው።

---

ሰናይት ጻፈች፦

ሐረግ፣ እውነትሽን ነው። እኛ ቢሮ ውስጥ አንድ ደላላ ላይ ስናሸንፍ በሚቀጥለው ወቅት በወንድሙ ስም ፈቃድ አውጥቶ ይመጣ ነበር።

---

ሜሮን ጻፈች፦

እኔ ሰሜን ካሮላይና ነው የምኖረው። ከዚያ በፊት ቤይሩት ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የእኔ አስተያየት ከዚያ ይጀምራል።

እዚህ የትምባሆና የስኳር ድንች እርሻ ላይ ኤች-2ኤ በሚባለው የጊዜያዊ እርሻ ሠራተኛ ቪዛ የሚመጡ አሉ። አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን ናቸው። በ2022 በመላው አሜሪካ ከ370,000 በላይ የሥራ ቦታ በዚህ ቪዛ ተፈቅዷል። ቪዛው ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። አሠሪውን ከተውክ ቪዛህ አደጋ ላይ ነው። የመጀመሪያ ቀን ይህን ስሰማ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ከፋላ! አልኩኝ፤ ቤይሩት ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው ሥርዓት። ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈችብኝ ማዳም ፊቴ ላይ መጣች።

ግን እኩል ነው ብል ዋሸሁ። የእነዚህ ቪዛ ላይ የተጻፈ መብት አለ። መኖሪያው በነፃ ነው። ኮንትራቱ በሚገባቸው ቋንቋ ይሰጣቸዋል። የውሉን ግማሽ ሲያደርሱ የመምጫቸው ወጪ ይመለስላቸዋል። በኮንትራቱ ከተባለው ሰዓት ቢያንስ ሦስት አራተኛው ሥራ ባይኖር እንኳ ይከፈላቸዋል። የሕግ ድጋፍ ቢሮዎችም ለኮንትራታቸው ጉዳይ ሊቆሙላቸው ይችላሉ። እኔ ቤይሩት እያለሁ ይህ ሁሉ አልነበረኝም።

ችግሩ አገራቸው ውስጥ ነው የሚጀምረው። ደላላው ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው፣ ግን ይቀበላል። ተበድረው ይመጣሉ። ባለ ዕዳ ሰው አፍ የለውም። ይህን ማንም ሊነግረኝ አይችልም፣ እኔ ኖሬዋለሁ።

እዚህ ፍሎክ የሚባል የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አለ። በ1967 ኦሃዮ ውስጥ ባልደማር ቬላስኬዝ ያቋቋመው ነው። በ2004 ለአምስት ዓመት የቆየ የኮምጣጤ ኪያር ማዕቀብ በስምምነት ጨርሶ ለሺዎች ኤች-2ኤ ሠራተኞች የኅብረት ውል አስፈረመ። ቪዛው የታሰረ ሆኖ ሳለ ማኅበር ያለው ሰው መጀመሪያ ያየሁት እዚህ ነው።

እኔ የማደርገው ትንሽ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጋር ሆነን እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ እንሰበስባለን። ለምን እጅጌው ረጅም? ጠዋት የትምባሆው ቅጠል ጤዛ ይዟል። ቆዳህን ሲነካህ ኒኮቲኑ ይገባል። ቀትር ላይ ያስታውካቸዋል፣ ራሳቸው ይዞራል፣ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ሸሚዙን ስሰጠው ለብሶት ሲያበቃ እጅጌውን አንድ በአንድ እየጎተተ እስከ ጣቱ አደረሰው። ረጅም መሆኑን አረጋግጦ ነው "ግራሲያስ" ያለኝ።

---

ታፓቹላን ያየ ጻፈ፦

ለቦሌ ልጅ ብቻ ነው የምመልሰው፣ ያለ ቁጣ።

እኔ በደቡብ አሜሪካ ዞሬ ነው የመጣሁት። ታፓቹላ ሜክሲኮ ስደርስ እግሬ ቆስሎ ጫማ አልገባ ብሎኝ ነበር። መጠለያው ውስጥ አንዲት የሆንዱራስ እናት ሁለት ልጆች ይዛ ነበረች። እሷም እንደኔው ተሰዳጅ ናት። ውሃ አሙቃ በጨው እግሬን አጠበችኝ። ቋንቋ አንግባባም። "ሚ ኢሆ" ትለኛለች። ልጄ ማለት መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት።

ያቺ ሴት ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። አንዱ እርሻ ላይ ልትሆን ትችላለች። የራሳችን ሰው የሚለውን ቃል ስሰማ እኔ እሷንም እጨምራለሁ።

---

የቦሌ ልጅ ጻፈ፦

ገብቶኛል። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ጋሽ ወርቁም፣ የፊሊፒኖዎቹን ታሪክ አላውቅም ነበር።

መንገደኛው፣ እኔ ስፓኒሽ ጥሩ እችላለሁ። ሆቴል ነው የምሠራው፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ነው የተማርኩት። ስልክ ለመደወል ሰው ካስፈለገህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

---

መንገደኛው ጻፈ፦

ይቅርታ፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ሁለት ዙር አትላንታ ነበርኩ። ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር፣ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ሌሊት ሌሊት።

የሆነውን ልንገራችሁ። የቦሌ ልጅ ደወለለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ ደቂቃ አወሩ። ከዚያ ሲስተር ትዕግሥት ያልሽው ድርጅት ጋ ደወልን። ግሪንፊልድ ላይ ትሪኪ የምትናገር ሴት አገኘን። ስልኩን ለሰውየው ስናገናኘው ድምፁ ተለወጠ። ከእኔ ጋር ሲያወራ ቃል በቃል እየለቀመ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በቋንቋው ሲጀምር ግን አላቆመም። የቦሌ ልጅም እኔም ምንም ሳይገባን ዝም ብለን አዳመጥን።

ሴትየዋ እሁድ ቀን ቤቱ ሄደች። አብረውት የሚሠሩ አራት ሰዎችም የራሳቸውን የደመወዝ ወረቀት ይዘው መጡ። የ50 ዶላሯ ነገር ሁሉም ላይ አለች። የዕረፍት ክፍያ አንዳቸውም ወረቀት ላይ የለም። ሰናይት እንዳልሽው ነው። መብታቸውም፣ ሊመጣ የሚችለው አደጋም በቋንቋቸው ተነገራቸው። ሦስቱ እንቀጥል አሉ። ሁለቱ ፈሩ፣ ተዉት። ማንም አልገፋቸውም። የእኔ ሰው ከሦስቱ አንዱ ነው።

ማመልከቻው ለሌበር ኮሚሽነር ገብቷል። አሠሪውና እነሱ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ቀን ተሰጥቷቸዋል። ገንዘቡ ገና ነው። ደላላውም እስካሁን ምንም አላለም፣ ሥራ ላይ ናቸው።

ትናንት ሳሊናስ ስጭን ታኮ መኪናዋ ጋ ጠበቀኝ። ምሳ ካልጋበዝኩህ ብሎ እንቢ አለኝ። ደብተሩን አወጣ። አዲስ ነው፣ ትልቅ ነው። ጭረቶቹ እንዳሉ ናቸው። ግራው ላይ ግን ሁለት አዲስ መስመር አሥምሯል። ሴትየዋ ናት ያስተማረችው። አንደኛው የገባበት ሰዓት፣ ሁለተኛው የወጣበት። በእርሳስ፣ በፈረንጅ ሰዓት፣ ቁጥሮቹን ተጭኖ ጽፏቸዋል። 6:10። 4:45። ከሥሩ ደግሞ የዕረፍቷ፣ 9:30 እስከ 9:40።